ቁመት ያልፈታው ችግር፦ የሚድልስብሮ የብረት ምድጃዎች እና የተገላባጭ ሪአክሽን ወሰን

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሚድልስብሮ ዙሪያ ብረት የሚያቀልጡ ባለፋብሪካዎችን እንቅልፍ የነሳ አንድ ነገር ነበር። ከምድጃቸው አናት የሚወጣው ጋዝ ይነዳል። እሳት ሲያስጠጉበት በሰማያዊ ነበልባል ቦግ ይላል። የሚነድ ጋዝ ማለት ሥራውን ሳይጨርስ የወጣ ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ደግሞ በገንዘብ ከተገዛ ኮክ፣ ከድንጋይ ከሰል ከሚሠራ ነዳጅ፣ የመጣ ነው። በጋዙ ውስጥ ያለው ተቀጣጣይ ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሞኖክሳይዱ ከብረት ማዕድኑ ላይ ኦክስጅን እንዲነጥቅ ይጠበቅበታል፤ ነገር ግን አብዛኛው ምንም ሳይነጥቅ ይወጣል።

ባለፋብሪካዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ለማንም አእምሮ የሚቀርበው ነበር፦ ጋዙና ማዕድኑ በቂ ጊዜ አልተገናኙም፤ ስለዚህ ምድጃውን እናስረዝመው አሉ። አስረዘሙትም። የሆነውን ስናይ የኬሚካላዊ ሚዛን ትምህርት፣ ኢኩሊብሪየም የምንለው፣ ደብተር ላይ ካለው ባለሁለት አቅጣጫ ቀስት ወጥቶ ጡብና ገንዘብ ላይ ሲያርፍ እናያለን።

ምድጃው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ብላስት ፈርነስ የሚባለው ምድጃ ረጅም ማማ ነው። ከላይ ኮክ፣ የብረት ማዕድንና የኖራ ድንጋይ በየተራ ይጨመርበታል። ከታች የጋለ አየር በኃይል ይነፋበታል። አየሩ በሚገባበት አፍ ላይ ኮኩ ነዶ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እዚያ ያለው ሙቀት ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ግን ዳይኦክሳይዱ አይሰነብትም። አጠገቡ ካለው የጋለ ኮክ ጋር ወዲያው ተዋህዶ ሞኖክሳይድ ይሆናል፦

ካርቦን + ካርቦን ዳይኦክሳይድ ⇌ 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ

ሞኖክሳይዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማዕድኑ ወደ ታች ይወርዳል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጋዙ ከማዕድኑ ኦክስጅን ይወስዳል፤ ብረቱ ነጻ ይወጣል፤ ጋዙም ተመልሶ ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ያሳጥሩታል፦

ብረት (3) ኦክሳይድ + 3 ካርቦን ሞኖክሳይድ → 2 ብረት + 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ይህን መስመር አምነን ብናሰላ 112 ግራም ብረት ለማግኘት 36 ግራም ካርቦን ይበቃል። ለአንድ ቶን ብረት 320 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። በጊዜው የነበሩት አጫጭር ምድጃዎች ግን ለአንድ ቶን ብረት 1.4 ቶን ገደማ ኮክ ይበሉ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ ብክነት አይደለም። ኮኩ ማዕድኑን ማጋል፣ ብረቱን ማቅለጥ፣ ከማዕድኑ ጋር የመጣውን ድንጋይና አፈርም ከኖራው ጋር አቅልጦ በስላግ መልክ ማስወጣት አለበት። የአካባቢው የክሊቭላንድ ማዕድን በብረት ድሃ ስለሆነ፣ ከሲሶ የማይበልጥ ብረት ነው ያለው፣ ይህ የማቅለጥ ሸክም ከባድ ነበር። ቢሆንም ከአናት የሚወጣው ሰማያዊ ነበልባል ብዙ ካርቦን ያለ ሥራ እየሄደ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ማስረዘሙ

ጋዙ ከታች ተነስቶ አናት እስኪደርስ የሚወስድበት ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ማዕድኑ ግን ለመውረድ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጋዙ ተጣድፎ እንደሚያልፍ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ማማው ቢረዝም ጋዙ በብዙ ማዕድን መካከል ያልፋል፤ ቆይታውም ይጨምራል።

በ1850ዎቹ መጀመሪያ የአካባቢው ምድጃዎች ከ13 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነበሩ። በ1860ዎቹ አጋማሽ 24 ሜትር የሚደርሱ ተሠሩ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በቲዝ ወንዝ ዳር ክላረንስ በሚባለው ፋብሪካ የቆሙ ሲሆኑ ከባለቤቶቹ አንዱ ሎውዝያን ቤል ነበር። ቤል በኤድንበርግና በፓሪስ የተማረ ሰው ነው። ነጋዴ ብቻ ሳይሆን መለኪያና ሚዛን ይዞ ምድጃው ውስጥ የሚሆነውን የሚከታተል ተመራማሪም ነበር። የርሱ መዝገብ ባይኖር ይህን ጉዳይ ዛሬ በዚህ ዝርዝር ማንሳት አንችልም ነበር።

የመጀመሪያው ማስረዘም ሠራ። በደንብ ሠራ። ከ15 ሜትር ወደ 24 ሜትር ሲኬድ ለአንድ ቶን ብረት የሚያስፈልገው ኮክ ከ1.4 ቶን ገደማ ወደ 1.1 ቶን ገደማ ወረደ። አንድ አምስተኛው ወጪ ዳነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ቁመቱ እያደገ ሄደ፤ በፌሪሂል የተሠራው ምድጃ 31 ሜትር ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ አልንቀሳቀስ አለ። ከ24 ሜትር በላይ የተጨመረው ጡብ ኮክ አላስቀረም። የሚወጣው ጋዝም እንደ ቀድሞው መንደዱን አላቆመም። ገንዘቡ ወጥቶ፣ ማማው ቆሞ ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሆነ።

ይህን ታሪክ ባጭሩ የሚያወሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ስኬት ይዘሉታል። እኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ይመስለኛል። ማስረዘሙ ከመነሻው ባይሠራ ኖሮ ማንም ሠላሳ ሜትር ባልገነባ። አንድ መፍትሔ እስከተወሰነ ነጥብ ሠርቶ ከዚያ በድንገት መሥራት ሲያቆም፣ ከነጥቡ በፊትና በኋላ ያለው ማነቆ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው።

ዘገምተኛ ነው ወይስ ወሰኑ ላይ ደርሷል?

አንድ ሪአክሽን ሳይጠናቀቅ ስናገኘው ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ፍጥነቱ ነው። ገና እየሄደ ነው፤ ጊዜ ብንሰጠው ይቀጥላል። ሁለተኛው ወሰኑ ነው። መድረስ የሚችልበት ደርሷል፤ ዓመት ብንጠብቀው ከዚያ አያልፍም። ችግሩ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ መምሰላቸው ነው። ከምድጃው አናት ጋዝ በጠርሙስ ቀድተን ብንመረምር ይህን ያህል ሞኖክሳይድ፣ ይህን ያህል ዳይኦክሳይድ የሚል ቁጥር እናገኛለን። ቁጥሩ ግን ሪአክሽኑ ዘገምተኛ ይሁን ወይም ወሰኑ ላይ ደርሶ እንደሆነ አይናገርም።

የሚለየው ዘዴ አንድ ነው፦ ከተቃራኒው አቅጣጫ መምጣት። ቤል ይህን አደረገ። ከምድጃው ወጥቶ በቤተ ሙከራው ማዕድንንም የተጣራ ብረትንም በየተራ አግሎ የተለያየ መጠን ያላቸውን የሁለቱን ጋዞች ድብልቆች አሳለፈባቸው። በተጣራ ብረት ላይ ዳይኦክሳይድ ሲያልፍ ብረቱ ኦክስጅን ወስዶ ወደ ኦክሳይድ ይመለሳል፤ ጋዙም ወደ ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ድብልቅ ሲሆን ደግሞ አቅጣጫውን የሚወስነው የሁለቱ ጋዞች መጠን ነው። ዳይኦክሳይዱ ከበዛ ብረቱ ይበላሻል፤ ሞኖክሳይዱ ከበዛ ማዕድኑ ብረት ይሆናል። ስለዚህ ቀስቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይጠቁምም። ብረት (2) ኦክሳይድ ከሚባለው፣ ከብረት በፊት ካለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ብናየው እንዲህ ነው፦

ብረት (2) ኦክሳይድ + ካርቦን ሞኖክሳይድ ⇌ ብረት + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

በ900 ዲግሪ የዚህ ሪአክሽን የሚዛን ቋሚ ቁጥር 0.45 ገደማ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የዳይኦክሳይዱን ግፊት ለሞኖክሳይዱ ግፊት በማካፈል ነው። ይህን በደንብ ለማየት አንድ የታሸገ ቱቦ ውሰዱ። ውስጡ በቂ የብረት ኦክሳይድ አድርጉና 100 የሞኖክሳይድ ሞለኪዩሎች ልቀቁበት፤ ሙቀቱንም 900 ላይ ያዙት። መጀመሪያ ላይ ጉዞው ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ የሚመልስ ዳይኦክሳይድ የለማ። አንዱ ሞለኪዩል ኦክሳይዱን ነክቶ ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ሲመጣ ግን ከነሱ መካከል አንዳንዶቹ አሁን የተፈጠረውን ብረት ነክተው ኦክስጅናቸውን ይመልሱለታል። የፊቱ ጉዞ እየቀነሰ፣ የኋላው እየጨመረ ይሄድና 31 ዳይኦክሳይድና 69 ሞኖክሳይድ ሲሆኑ ሁለቱ እኩል ይፈጥናሉ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይለወጥም። ሞለኪዩሎቹ ግን አላረፉም፤ በእያንዳንዷ ቅጽበት የሚነጠቀውና የሚመለሰው ኦክስጅን እኩል ሆኗል እንጂ።

አሁን ሌላ ቱቦ ውሰዱ፤ ብረት ሙሉበትና 100 ዳይኦክሳይድ ልቀቁበት። ይኸኛው ከሌላው ጫፍ ተነስቶ ራሱ 31 ለ69 ላይ ይደርሳል። ከሁለት ተቃራኒ መነሻ ወደ አንድ ቦታ የሚደርስ ሪአክሽን ወሰኑ ላይ ነው እንጂ ዘገምተኛ አይደለም።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ብረቱና ኦክሳይዱ በቀመሩ ውስጥ ለምን አልገቡም? ጠጣር ስለሆኑ ነው ማለት መልሱን መሸምደድ ነው። ምክንያቱ ወዲህ ነው። ጋዝ ሲበዛ በአንድ ቦታ የሚታጨቁት ሞለኪዩሎች ይበዛሉ። ጠጣር ሲበዛ ግን ጥቅሉ ይተልቃል እንጂ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለው መጠን ያው ነው። ጋዙና ጠጣሩ የሚገናኙበት ገጽ ሲሰፋ ደግሞ የፊቱም የኋላውም ጉዞ በእኩል ይፈጥናል። ሁለቱ እኩል ከፈጠኑ ሚዛኑ የትም አይሄድም፤ ቶሎ ይደረስበታል እንጂ።

ይህን ይዘን ወደ 31 ሜትሩ ማማ እንመለስ። ቁመት የጨመረው ሁለት ነገር ነው፤ ማዕድንና ጊዜ። የሚዛን ቋሚው ውስጥ ማዕድን የለም። ጊዜም የለም። በ15 ሜትር ምድጃ ውስጥ ጋዙ ወሰኑ ጋ ሳይደርስ፣ ሙቀቱንም ለማዕድኑ ሳያስረክብ ይወጣ ስለነበር ተጨማሪ ቁመት ረዳው። ከ24 ሜትር በኋላ ግን የሚጨመር ሜትር ሁሉ ሥራውን በጨረሰ ጋዝ ላይ የተጨመረ ሆነ።

ከ100ው ስንቱ ይወጣል?

እውነተኛው ምድጃ ከቱቦዬ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ማዕድኑ በአንድ ጊዜ ብረት አይሆንም። ቀይ ቀለም ያለው ብረት (3) ኦክሳይድ መጀመሪያ ማግኔታይት የሚባለውን ጥቁር ኦክሳይድ ይሆናል፤ ከዚያ ብረት (2) ኦክሳይድ፤ ከዚያ ብረት። የመጀመሪያው እርምጃ እጅግ ቀላል ነው፤ ጥቂት ሞኖክሳይድ ያለበት ጋዝ እንኳ ይፈጽመዋል። ሁለተኛውም በምድጃው ሙቀት ብዙ አያስቸግርም። ጠባቡ በር የመጨረሻው ነው፣ ያ 0.45 ያለበት።

እስቲ ለ100 የብረት አተሞች እናስላ። በመጨረሻው ደረጃ እያንዳንዱ አተም አንድ ኦክስጅን ይዟል፤ ስለዚህ 100 ኦክስጅን መነጠቅ አለበት። ከ100 ሞኖክሳይድ 31ዱ ብቻ ስለሚሠሩ 320 ገደማ ሞኖክሳይድ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ 220 ሞኖክሳይድና 100 ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ይቀጥላል። ከላይ የሚያገኘው ገና የገባ ማዕድን በ100 የብረት አተም 150 ኦክስጅን የያዘ ነው፤ እስከ ብረት (2) ኦክሳይድ ለማውረድ 50 ኦክስጅን ይወሰዳል። አሁን 170 ሞኖክሳይድና 150 ዳይኦክሳይድ ሆነ። በቃ፤ ከዚህ በላይ የሚነጠቅ ኦክስጅን የለም።

320 ገብቶ 170 ሳይሠራ ወጣ ማለት ነው፤ ከግማሽ በላይ። ይህ እንግዲህ ምንም ጉድለት በሌለው፣ የፈለጋችሁትን ያህል ረጅም በሆነ ምድጃ ውስጥ ነው። በካርቦን ሲሰላም ለአንድ ቶን ብረት 690 ኪሎ ግራም ገደማ ይመጣል። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ቀስት ያገኘነውን 320 አስታውሱ። ሁለቱን የለየው የቀስቱ ዓይነት ብቻ ነው።

690ውን ግን እንደ ሕግ አትያዙት። ከታች፣ በጣም በጋለው ክፍል፣ የተወሰነውን ኦክስጅን ኮኩ ራሱ በቀጥታ ይነጥቃል። ያ መንገድ ሙቀት በብዛት ይበላል፤ የሚወጣው ሞኖክሳይድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ይሠራል። የዛሬ ምድጃዎች ሁለቱን መንገዶች አመጣጥነው በ500 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ አንድ ቶን ብረት ያወጣሉ። ከአናታቸው በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ግን ዛሬም ሞኖክሳይዱና ዳይኦክሳይዱ ተቀራራቢ ናቸው።

ሚዛኑን መግፋት ይቻል ነበር?

የሌ ሻተልዬን መርሕ፣ ሚዛን ላይ ያለ ሪአክሽን ሲነካ ለውጡን ወደሚቀንስበት ወገን ይሄዳል የሚለውን፣ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግፊት ነው። እዚህ አይሠራም። በግራ አንድ የጋዝ ሞል (የሞለኪዩሎች ብዛት መለኪያ) አለ፤ በቀኝም አንድ። ምድጃውን አሥር እጥፍ ብናፍነው የትኛውም ወገን ቦታ አያተርፍም። የዛሬ ምድጃዎች በእርግጥ ከከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት ይሠራሉ፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጋዝ በዝግታ እንዲያልፍና ምርቱ እንዲጨምር ነው እንጂ ሚዛኑን ለማዛወር አይደለም። ካታሊስትም፣ ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽን የሚያፈጥን ነገር፣ ሁለቱንም ጉዞ ስለሚያፈጥን ፋይዳ የለውም።

ሙቀትስ? ሪአክሽኑ ጥቂት ሙቀት የሚሰጥ ስለሆነ ማቀዝቀዝ ይጠቅመዋል። በ1000 ዲግሪ ከ100ው 28 ገደማ የሚሠራው በ700 ወደ 40 ከፍ ይላል። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በቀዘቀዘ ቁጥር ሪአክሽኑ እያዘገመ ይሄዳል። ከ570 በታች ደግሞ ብረት (2) ኦክሳይድ ራሱ መቆም አይችልም፤ ወደ ብረትና ማግኔታይት ይፈርሳል። ከዚያም አልፎ ምድጃው ቀልጦ የሚፈስ ብረት ማውጣት አለበት። ስለዚህ ማቀዝቀዝ በወረቀት ላይ የሚያምር፣ በምድጃ ውስጥ ቦታ የሌለው ምክር ነው።

የቀረው መንገድ ሞኖክሳይዱን አትረፍርፎ መስጠት ነው፤ ምድጃው ድሮም ሳያውቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከአናት የሚወጣው ሞኖክሳይድ ብክነት መስሎ ታየ እንጂ ብረቱን ብረት አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነበር። ሁሉም ሞኖክሳይድ ወደ ዳይኦክሳይድ ቢለወጥ ኖሮ የወጣው ብረት በዚያው ጋዝ ውስጥ ተመልሶ ኦክሳይድ በሆነ።

በዚያው ምድጃ ውስጥ ያለው ተቃራኒ ጉዳይ

ወሰንና ፍጥነት ለየቅል መሆናቸውን ለማስተማር ከዚህ ምድጃ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ምክንያቱም ከላይ ያየነው ሌላኛው ሪአክሽን፣ ካርቦንና ዳይኦክሳይድ ሞኖክሳይድ የሚሆኑበት፣ ችግሩን ገልብጦ ያሳየናል። ይኸኛው ሙቀት የሚበላ ነው፤ አንድ የጋዝ ሞል ሁለት ይሆናል። በአንድ አትሞስፌር በ1000 ዲግሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞኖክሳይድ ነው። ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ ግማሽ በግማሽ ገደማ ይሆናል። በ400 ዲግሪ ደግሞ ሚዛኑ የሚፈቅደው ሞኖክሳይድ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ዳይኦክሳይድና ጥላሸት መለወጥ ነበረበት።

የምድጃው አናት ከዚህም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ታዲያ ሞኖክሳይዱ እንዴት ሳይለወጥ ይወጣል? ፍጥነት ስለሌለ ነው። ሚዛኑ ይፈቅዳል፤ ሪአክሽኑ ግን በዚያ ሙቀት እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚሆን ነገር የለም። ከታች ጊዜ ተሰጥቶት ወሰኑ ያቆመው ጋዝ፣ ከላይ ወሰኑ ተከፍቶለት ጊዜ አጣ።

አልፎ አልፎ ግን ይሆናል፤ ብረት ለዚህ ሪአክሽን ካታሊስት ነውና። ቤል በ400 ዲግሪ አካባቢ ባለው ሙቀት ማዕድኑ ላይና ውስጥ ጥቁር ጥላሸት ሲከማች አይቶ በዝርዝር አጥንቶታል። የምድጃው ግድግዳ በተሠራበት ጡብ ውስጥ የብረት ነጠብጣብ ካለ እዚያም ላይ ጥላሸቱ እያደገ ጡቡን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ምድጃ የሚገነቡ ሰዎች ለጡቡ ጥራት የሚጨነቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቲዎሪው የት ነበር?

የሚገርመው፣ መልሱ በዚያው ጊዜ ታትሞ ነበር። ጉልድበርግና ዋጌ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን፣ በጋብቻም የተዛመዱ፣ ሪአክሽኖች በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄዱና ሚዛኑ በሚገናኙት ነገሮች መጠን እንደሚወሰን የሚገልጸውን ሕግ በ1864 በክሪስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ አቀረቡ። የሚድልስብሮ ምድጃዎች 24 ሜትር መድረስ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ጽሑፉ ግን በኖርዌይኛ ስለነበር ከአገሩ ውጭ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ በሰፊው የታወቀው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ሌ ሻተልዬ መርሑን በ1884 አወጣ። በ1888 ስለ ኬሚካላዊ ሚዛን ባሳተመው ጥናት እነዚህን የእንግሊዝ ምድጃዎች አንስቶ ተቸ። ነገሩን ባጭሩ ሲያስቀምጠው፣ ሪአክሽኑ ወሰን ያለው መሆኑን ሰዎቹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፍራንክ በፈጀ ሙከራ አረጋገጡ፤ የሚዛንን ሕጎች ቢያውቁ ኖሮ በፍጥነትና በርካሽ ይደርሱበት ነበር የሚል ነው።

ሌ ሻተልዬ ልክ ነው፤ ትንሽ ግን የጨከነባቸው ይመስለኛል። በ1860ዎቹ ያ ሕግ በእጃቸው አልነበረም። የመጀመሪያው ማስረዘም ደግሞ እውነተኛ ትርፍ አምጥቷል። ቤል ከዚህም አልፎ ያለ ቲዎሪ፣ በልኬት ብቻ፣ ከአንድ መጠን በላይ ማስረዘም ዋጋ እንደሌለው ተከራክሯል፤ በ1872 ባሳተመው ሥራውም ዳይኦክሳይዱ የተገኘውን ብረት መልሶ ኦክሳይድ እንደሚያደርገው አስረድቷል። የጎደለው ለዚያ ልኬት ስም የሚሰጥና አስቀድሞ የሚተነብይ ቀመር ነበር። በየሙቀቱ የትኛው ጋዝ የትኛውን ኦክሳይድ እንደሚያሸንፍ የሚያሳየው ካርታ የተነሳው በ1903 ነው፤ ባወርና ግሌስነር በሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች።

ካልተቻለ ማንደድ

ከአናት የሚወጣውን ሞኖክሳይድ ማስቀረት ካልተቻለ ይዞ ማንደድ ይቻላል። ለዚህ መጀመሪያ የምድጃውን አፍ መክደን ያስፈልጋል። በ1850 ጆርጅ ፓሪ በዌልስ፣ ኤብ ቬል በሚባለው ቦታ፣ ማዕድን እየተጨመረም ጋዙ እንዳያመልጥ የሚያደርግ የሾጣጣ ክዳን ሠርቶ ነበር። ቀጥሎ ጋዙ የሚነድበት ቦታ ተገኘ። ወደ ምድጃው የሚነፋውን አየር አስቀድሞ ማሞቅ ኮክ እንደሚቆጥብ ጄምስ ኒልሰን በግላስጎው ከ1828 ጀምሮ አሳይቷል። ኤድዋርድ ካውፐር በ1857 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሞቂያ ደግሞ በጡብ የተሞላ ማማ ነው። የምድጃው ጋዝ ውስጡ ይነድና ጡቡን ያግለዋል፤ ከዚያ ጋዙ ይቋረጥና ቀዝቃዛው አየር በጋለው ጡብ መካከል አልፎ ወደ ምድጃው ይገባል። ሁለት ማማ ካለ እየተፈራረቁ ይሠራሉ። መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው በ1860 እዚያው ሚድልስብሮ፣ ኦርምስቢ በሚባለው ፋብሪካ ነው። ሰዎች ቁመት ሲጨምሩ ትክክለኛው መፍትሔ ጎረቤታቸው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ብረትን ያለ ካርቦን ለማውጣት ሃይድሮጂን እየተሞከረ ነው፤ በሰሜን ስዊድን ሉሌዎ የሚገኘው የሙከራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የሚወጣው ጭስ ሳይሆን የውሃ እንፋሎት ነው። ሪአክሽኑ ግን ይኸኛውም ተገላባጭ ነው፦

ብረት (2) ኦክሳይድ + ሃይድሮጂን ⇌ ብረት + የውሃ እንፋሎት

ሞሉ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ግፊት እዚህም አይረዳም። ይህ ግን ሙቀት የሚበላ ነውና ከሞኖክሳይዱ በተቃራኒ ሲጋል ይሻለዋል። በ900 ዲግሪ ከ100 ሃይድሮጂን 37 ገደማው ይሠራል፤ 63ቱ ሳይነካ ይወጣል። እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች የወጣውን ጋዝ ያቀዘቅዙታል፤ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይለያል፤ የተረፈውን ሃይድሮጂን እንደገና አግለው ከታች ይመልሱታል።